አዲሱ ሣር ቢጫ ሲሆን፤ መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት

በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ባገለገልኩባቸው ዓመታት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚመጣ ብዙ ሕመምተኛ ተቀብያለሁ። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ስም አውጥቶለት ይመጣል። ቢጫነት ግን ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። አንዱ ጉበቱ ተጎድቶ፣ ሌላው የሐሞት መውረጃው በጠጠር ተዘግቶ፣ ሌላው ደግሞ በወባ ምክንያት ቀይ የደም ሕዋሱ እየፈረሰ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የሦስቱም ሕክምና ለየቅል ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤትና ዘመድ ስለ ግቢው አትክልት ሲጠይቀኝ መልሴ ከዚያው ልማድ ይነሳል። በተለይ «ባለፈው ወር ያስነጠፍነው ሣር ቢጫ ቢጫ እያለ ነው፤ ምን እንርጭበት?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ሣር የሚያስነጥፉት በአብዛኛው ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሕፃኑ በሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጉልበቱ እንዳይላጥ፣ አያቶችም ከሰዓት በኋላ ወንበር አውጥተው እንዲያዩት ብለው ነው ገንዘባቸውን የሚያወጡት። ስለዚህ በዚያ ሣር ላይ የሚረጨው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የልጁ እጅና አፍ ላይ ሊደርስ ይችላል። ጉዳዩን ከአትክልት ጨዋታ ወደ ጤና ጉዳይ የሚለውጠውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን መጠየቅ

ሐኪም ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊት እንደሚጠይቅ ሁሉ እኛም እንጠይቅ። ሣሩ ከተነጠፈ ስንት ሳምንት ሆነው? ከመነጠፉ በፊት ቦታው ላይ ምን ነበር? የሚያጠጣው ማነው፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ? ማዳበሪያ ተበትኗል? ውሻ አለ? ድንኳን ተተክሎበት ነበር?

የጊዜው ጥያቄ ትልቅ ነው። ከነአፈሩ በቁራጭ ተቆርጦ የሚመጣ ሣር አብዛኛውን ሥሩን የሚተወው ድሮ በነበረበት መሬት ውስጥ ነው። አዲሱን መሬት ለመያዝ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በደንብ ለመደላደል ደግሞ ከዚያም በላይ። በእነዚህ ሳምንታት ትንሽ ቢገረጣ አይደንቅም። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው በማግሥቱ ፊቱ እንዲቀላ አይጠበቅም። ከአንድ ወር በኋላ ቢጫነቱ ካልለቀቀ፣ ወይም እየሰፋ ከሄደ ግን ምክንያት አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅርጹን እንይ። ግቢው በሙሉ እኩል የገረጣ ከሆነ ችግሩ የጋራ ነው፤ ረሃብ፣ ጥማት ወይም ውሃ መብዛት ይሆናል። ቢጫው በተወሰነ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ፣ ወይም ከሥሩ፣ የተለየ ነገር አለ። ክብ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ወይም በመስመር የተሰለፈ መሆኑ ራሱ ይናገራል።

መሳብ፣ መውጋት፣ ማሽተት

ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ረጅም ካቻቢቴ ወይም ቀጭን ብረት፣ አንድ ቢላዋና ሁለት እጅ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ቢጫውን ሣር በእፍኝ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ ነው። እንደ ምንጣፍ ብድግ ካለ ሥር አልሰደደም፤ ወይም ሥሩን የበላው ነገር አለ። አልነቀልም ብሎ ከያዘ ሥሩ በሕይወት አለ፤ ተስፋም አለው።

ቀጥሎ ብረቱን መሬት ውስጥ መውጋት ነው። በአረንጓዴው ቦታ አንድ ጊዜ፣ በቢጫው ቦታ አንድ ጊዜ። በአረንጓዴው ሰተት ብሎ ገብቶ በቢጫው ጣት ያህል ሄዶ ከቆመ፣ ከሥር ድንጋይ ወይም የግንባታ ፍርስራሽ አለ፤ አለዚያም አፈሩ ደርቆ ወይም ተረግጦ ጠጥሯል።

በመጨረሻ በቢላዋ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ ማንሳት፣ ሥሩን ማየትና አፈሩን ማሽተት ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ጥቁር፣ የሚልፈሰፈስና እንደ ረግረግ የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበት ታፍኗል። አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ደግሞ ተጠምቷል። ካዩ በኋላ ቁራጩን ወደ ቦታው መልሶ መርገጥና ውሃ ማጠጣት ነው፤ ምንም አይሆንም።

አንድ ግቢ፣ አራት ቢጫ

ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ባልና ሚስት መስከረም ላይ ሣር አስነጥፈው ኅዳር ሲገባ ግቢው ተዥጎረጎረ። የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁት የሚስትዮዋ እናት በአጥር በኩል ጠሩኝ። «ሲስተር፣ እስቲ ነይና እዪልኝ። ያነጠፈው ሰው ትል ነው፣ ይረጭ ብሎናል» አሉኝ። ሄድኩና አብረን ዞርን።

የመጀመሪያው ቢጫ ከበሩ እስከ በረንዳው በተነጠፈው ድንጋይ ግራና ቀኝ፣ በመስመር የሄደ ነበር። ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ከመንጣቱ በፊት ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላ ነው። ስረግጠው የጫማዬ ዱካ ሳይነሳ ቀረ። ይህ የጥማት ምልክት ነው። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲግል ዋለና ከጎኑ ያለውን አፈር ያደርቀዋል። የቤት ሠራተኛዋ ማታ ማታ በጎማ ለጥቂት ደቂቃ ትረጫለች፤ ቅጠሉ ይርሳል እንጂ ሥሩ አይደርሰውም። ብረቱ ሁለት ጣት እንኳ አልገባም።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በቧንቧው ሥር፣ ልብስ በሚታጠብበት በኩል፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሲረገጥ ይሰምጣል። ሥሩ ጠቁሯል፤ አፈሩም ይሸታል። ያ ሰፈር ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጥና ውሃውን ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ላይ የልብስ ሳሙናና በረኪና ሲጨመርበት ሣር ሊቋቋመው አይችልም።

ሦስተኛው ክብ ክብ ነው፤ እያንዳንዱ የሰሐን ስፋት አለው፤ መሐሉ እንደ ገለባ ደርቆ ዙሪያው ከሌላው ሣር ይልቅ የጠቆረ አረንጓዴ ነው። እማማ «ይህስ ጭርት ይመስላል» አሉ። የውሻ ሽንት ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን መሐሉ ላይ ስለሚበዛ ያቃጥላል፤ ዳር ዳሩ ላይ ሲሳሳ ደግሞ ማዳበሪያ ይሆናል። ማታ ማታ የሚፈታው የግቢው ውሻ የሚመርጠው ቦታ ነበረው።

አራተኛው በበረንዳው አጠገብ ያለ፣ ማዕዘን ያለው ሰፊ ቢጫ ነው። እዚህ ላይ አዲስ የወጡት ቅጠሎች ናቸው የገረጡት፤ ጠጋ ብሎ ላየው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች ይታዩበታል። ብረቱ አራት ጣት ገብቶ ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ስንቆፍር የደረቀ ስሚንቶ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭና አንድ እፍኝ የዛገ ሚስማር ወጣ። ቤቱ ሲሠራ ስሚንቶ ይቦካበት የነበረ ቦታ ነው። ሲሚንቶና ኖራ የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጡ አፈሩ ውስጥ ብረት ማዕድን እያለ ሣሩ መምጠጥ ያቅተዋል። የሰው ልጅ ደም ሲያንሰው እንደሚገረጣው ሣሩም ይገረጣል።

አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቢጫ፣ አራት ምክንያት። ትል ግን አንድም አላገኘንም።

በውሃ ፕላስቲክ የመጣው መድኃኒት

እኔን ያስደነገጠኝ ሣሩ አልነበረም። በበረንዳው ደረጃ ላይ፣ የሁለት ዓመቱ ሕፃን በሚጫወትበት ቁመት፣ ግማሽ ድረስ ነጣ ያለ ፈሳሽ የያዘ የውሃ ፕላስቲክ ተቀምጦ ነበር። ስም የለው፣ ምልክት የለው። ሣሩን ያነጠፈው ሰው «ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ እርጩ» ብሎ ትቶላቸው የሄደ የተባይ መድኃኒት ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ «ሣሩ ይሙት እንጂ ልጄን ምን አገባው!» ብለው ፕላስቲኩን ከልጁ አራቁት። በማግሥቱም ላመጣው ሰው ተመለሰለት።

ሕፃን ማንበብ አይችልም፤ የሚያውቀው የውሃ ፕላስቲክ ውሃ እንደሚይዝ ብቻ ነው። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ሕጋዊ ፀረ ተባይ የተመዘገበና ስሙ፣ አጠቃቀሙና አደጋው በማሸጊያው ላይ የተጻፈ መሆን አለበት። ተቀድቶ በሌላ ዕቃ የመጣ መድኃኒት ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ አደጋ ቢደርስ ሐኪሙም ምን እንደሚያክም ይቸገራል።

በገበያ ከሚገኙት መካከል ማላታይንና ዳያዚኖን የመሳሰሉት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። እነዚህ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ። ምልክቶቹን አያቶችና ሞግዚቶች ቢያውቋቸው ይጠቅማል፦ ምራቅና ላብ መብዛት፣ ዓይን ማልቀስ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ መጥበብ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ለመተንፈስ መቸገር፣ መፍዘዝ። በደቂቃዎች ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ከሰዓታት በኋላ የሚመጡበትም ጊዜ አለ።

ይህ ሲያጋጥም ልጁን ከቦታው ማራቅ፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን በብዙ ውሃና ሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። የሚያጥበው ሰው እጁን በጓንት ወይም በፌስታል ይሸፍን። ዓይኑ ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። እንዲያስታውክ ጣት አፉ ውስጥ መክተት አይገባም፤ ወተት መጋትም እንዲሁ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው የቆየ እምነታችን ለዚህ አይሠራም፤ ሰዓት ያባክናል፣ ልጁንም ሊያንቀው ይችላል። ከፈዘዘ በጎኑ አስተኝቶ፣ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ በፍጥነት ሆስፒታል ማድረስ ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ደግሞ በ939 ይጠራሉ።

ከአፈር የወጣው የዛገ ሚስማርም ሌላ ማስጠንቀቂያ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል። ሕፃናት መከላከያውን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚሰጠው ክትባት ያገኛሉ፤ ካርዳቸውን ያመሳክሩ። ሚስማር የወጋው ልጅ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ የአዋቂም እንዲሁ።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ረሃብ፦ ናይትሮጅን ያነሰው ሣር ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎቹ ቀድመው ይገረጣሉ፤ እድገቱም ይዘገያል። ይህን የሚያየው ብዙ ጊዜ ግቢው በሙሉ ነው። ሥር ከያዘ በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ያህል ዩሪያ ይበቃዋል፤ 50 ካሬ ሜትር ላለው ግቢ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። እኩል ተበትኖ ወዲያው ውሃ ይጠጣ።

ቃጠሎ፦ ዩሪያ ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በእፍኝ እየተዘገነ አንድ ቦታ ከተከመረ፣ ወይም ሳይጠጣ ከዋለ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሣሩን ያቃጥለዋል። ቢጫው የእጅ ውርወራውን ተከትሎ በግርፍ ግርፍ ይታያል። መፍትሔው ደጋግሞ ብዙ ውሃ ማጠጣት ነው።

አጨዳ፦ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ የታጨደ ሣር ታች ያለው ነጭ አገዳው ይጋለጥና ፀሐይ ይመታዋል። በዶለዶመ ማጭድ የተጎተተ ደግሞ ጫፉ ተቦጫጭቆ ይነጣል። ሥር ሳይዝ ማጨድም አይገባም።

ጥላ፦ ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ ፀሐይ ወዳድ ናቸው። ከግንብ ሥርና ከዛፍ ሥር የሚሳሱት ለዚህ ነው። ለቅሶ ወይም ሰርግ ሆኖ ድንኳን ከዋለበት፣ ምንጣፍ ወይም የሕፃን መዋኛ ለቀናት ከተቀመጠበትም ይገረጣል። ይህኛው ፀሐይ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ሻጋታ፦ ማታ ማታ የሚጠጣ ሣር ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ያድርና ፈንገስ ይይዘዋል፤ ክብ ሆኖ ይሰፋል። የመጀመሪያው መድኃኒት የማጠጫ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዛወር ነው።

ተባይ፦ እውነተኛ ትልም አለ። የጥንዚዛ እጭ የሆነው ነጭ፣ እንደ ቀለበት የሚጠቀለል ትል ሥር ይበላል፤ ሣሩም እንደ ምንጣፍ ይነሳል። አንድና ሁለት ማግኘት በሽታ አይደለም፤ በአንድ መዳፍ ቦታ ብዙ ከተገኘ ግን ጉዳት ነው። ተምች ደግሞ ቅጠሉን ይበላል። ለመለየት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአራት ሊትር ውሃ በጥብጦ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ማፍሰስ ነው። ተምች ካለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእጅ እየለቀሙ ማጥፋትም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቦታውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ በወረዳው የግብርና ባለሙያ ምክር፣ ስሙ በተጻፈበት መድኃኒት፣ ልጆችና ውሻ ከግቢ ወጥተው ይሁን፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳይሞላ አይመለሱበት።

ማከሙ

ጥሩው ዜና ሰርዶና ኪኩዩ ጠንካሮች መሆናቸው ነው። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰውን ሰርዶ ከተሜው በገንዘቡ ገዝቶ ይተክለዋል። ኪኩዩም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ነው። ሁለቱም መሬት ለመሬት በሚሳብ ሐረግ ስለሚዛመቱ ምክንያቱ ከተወገደ የመዳፍ ስፋት ያለውን ቦታ ራሳቸው ይሸፍኑታል።

ለሰፊው ቦታ ግን ሥራ አለው። የሞተውን ሣር አንስቶ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መቆፈር፣ ስሚንቶና ድንጋዩን መልቀም፣ ቀይ አፈር በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሎ መሙላት፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማስተካከል፣ ከዚያ ከጤነኛው ቦታ ሐረግ ወስዶ መትከል ነው። ትኩስ ፍግ አይጨመር፤ ሣሩን ያቃጥላል፣ የሆድ በሽታ ተሕዋስም ለልጆች ያስተላልፋል። ሲነጠፍ በሥሩ አየር የቀረ ቁራጭም ከአፈሩ ጋር ስለማይነካካ ይደርቃል፤ ስለዚህ በደንብ መረገጡ ቀላል ነገር አይደለም።

ውሃ ለሚጣላበት ቦታ መፋሰሻ ማውጣት ይሻላል። ውሻው የሸናበትን ወዲያው በአንድ ባልዲ ውሃ ማጠብ፣ ወይም ጠጠር የፈሰሰበት የራሱ ቦታ ማስለመድ ነው። ኩሱ በየቀኑ ይነሳ፤ የውሻ የሆድ ትል እንቁላል ከአፈር ወደ ሕፃን እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል።

ስለ ውሃው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከተነጠፈው ቁራጭ አልፎ የታችኛው አፈር እስኪርስ ድረስ ነው። ጠርዙን ገልጦ በጣት መንካት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ከፍ ያለ፣ ይበቃል። 20 ካሬ ሜትር 500 ሊትር ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን አስቀድሞ አስቦ የሣሩን ስፋት መወሰን ብልህነት ነው። የጎመንና የሩዝ ማጠቢያ ውሃ ለሣር ይሆናል፤ የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጎማውን መስቀል ነው።

የጎረቤቶቼ ግቢ ያለ አንዲት ጠብታ መርዝ አገግሟል። ከበሩ ጎን ያለው በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመለመ። ስሚንቶ የወጣበት ቦታ ተሞልቶ፣ ተተክሎ ጥር ላይ ተሸፈነ። በቧንቧው ሥር ያለውን ግን ልብስ መታጠቡ ስለማይቀር ሣሩን አንስተው ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉበት። ከውሻው ክቦች ሁለቱ አሁንም አሉ፤ እማማም ተላምደዋቸዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሣር በሽታውን አይደብቅም፤ ቅርጹን፣ ሥሩንና ሽታውን ላየው ሰው ይናገራል። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ካቻቢቴውን ይዘው ግቢዎን ይዙሩ፤ በየደረጃውና በየመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ስም የሌለው ፕላስቲክ ካለም አብረው ያንሱት።